ዳንቴል ካርዲጋኑ ለምን ሰፋብኝ? ብብቱ ላይስ ዐይኑ ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ቀለል ያሉ ሹራቦችን ለራሴም ለሰውም ሠርቻለሁ። አሁን ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዳንቴል ካርዲጋን ለራሴ ጀምሬ ተቸግሬያለሁ። የደረቴ ዙሪያ 92 ሴንቲ ነው። ክሩ ቀጭን ሱፍ ነው፤ 100 ግራሙ 400 ሜትር ይሆናል። መርፌው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ንድፉ በየ6 ዐይኑ ይደጋገማል። ናሙና ስሠራ 36 ዐይን 13 ሴንቲ ሆነልኝ። በዚያ አስልቼ ጀርባው 50 ሴንቲ እንዲመጣልኝ 23 ድግግሞሽ ጀመርኩ። ብብቱ ላይ ስደርስ ግን እየቀነስኩ ዐይኑ ይጨምርብኛል፤ በአንዱ ጎን ከሌላው 4 ይበልጣል። እንደምንም ጨርሼ ሳጥበው ደግሞ ጀርባው 57 ተኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ልፍታው ወይስ መላ አለው? ከዚህ በኋላስ እንዴት ልቀጥል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ፍቺው። ሳላቅማማ ይህን የምልሽ ገና አንዱ ክፍል ላይ ስለሆንሽ ነው፤ ክርሽም ጥሩ ክር ነው። ሱፍ ታጥቦም፣ ተፈትቶም እንደገና ይሠራል።

ሌላ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። ጀርባው 57 ተኩል ከሆነ የልብሱ ዙሪያ 115 አካባቢ ይመጣል። ከደረትሽ በ23 ሴንቲ ይሰፋል ማለት ነው። ከብብት በላይ ያለውን ብቻ ፈትተሽ፣ ምንም ሳትቀንሺ ቀጥ አድርገሽ ብትጨርሺው፣ ትከሻው ወደ ክንድ የሚወርድ ለቀቅ ያለ ካርዲጋን ይወጣዋል። እኔ ግን ለቀጭን ዳንቴል ይህን አልወደውም። ያ ሁሉ ስፋት ክብደቱን የሚጥለው ትከሻ ላይ ነው፤ እየተለበሰ በሄደ ቁጥር ጀርባው ይወርዳል፣ ፊቱም ይከፈታል። ደግሞም አንቺ የፈለግሽው በልክሽ የሆነ ካርዲጋን ነው።

የተፈታውን ክር እንዲሁ ጠቅልለሽ አትጀምሪበት። የተጠማዘዘ ክር ልኬትን ያሳስታል። ወንበር ጀርባ ላይ በትልቁ ጠቅልይው፣ አራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ለብ ባለ ውኃ ንከሪው፣ ሳትጨምቂ ውኃውን አንጠፍጥፊና ሰቅለሽ አድርቂው። ቀጥ ብሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ ስፋቱ እንሂድ። ዳንቴል መርፌ ላይ እያለ የሚያሳይሽ ልክ እውነተኛው ልኩ አይደለም። ቀዳዳዎቹ ገና አልተከፈቱም፤ የተቀነሱት ዐይኖች ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ይዘዋል፤ ጨርቁ ሁሉ ጭምድድ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ውኃ ሲነካው ሱፉ ይለሰልሳል። በረድፉ ውስጥ ታፍኖ የነበረው ክር ወደ ቀዳዳዎቹ ይሄዳል። ሜዳ፣ ማለትም ቀዳዳ የሌለው ሹራብም ሲታጠብ ትንሽ ይለወጣል፣ ዳንቴል ግን በጣም ይለወጣል።

የራስሽን ቁጥር እይው። 57 ተኩልን ለ23 ብታካፍይው አንድ ድግግሞሽ 2.5 ሴንቲ ነው። እንግዲያው ያቺ 36 ዐይን ናሙናሽ ታጥባ ቢሆን ኖሮ 15 ሴንቲ ትሆን ነበር። ናሙናዋ ላይ ልዩነቱ 2 ሴንቲ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ሲደርስ 7 ሴንቲ ተኩል ሆነ። ስሌትሽ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ማጠብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ናሙና ስትሠሪ ቢያንስ 6 ድግግሞሽ ስፋት፣ 15 ሴንቲ ያህል ቁመት ይኑረው። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ዐይን ሜዳ ጠርዝ ተዪለት፤ ጠርዙን ግን አትለኪው። ከዚያ ካርዲጋኑን ወደፊት እንደምታጥቢው አድርገሽ እጠቢው፤ ዘርግተሽም በመርፌ ቁልፍ ወጥሪው። ሲደርቅ ከመርፌ ቁልፎቹ አላቂውና ለጥቂት ሰዓታት እንዲያርፍ ተዪው፤ ተወጥሮ እያለ የሚለካ ናሙናም ይዋሻል። ስትለኪም 10 ሴንቲ ውስጥ ስንት ዐይን አለ ብለሽ አትቸገሪ። ዳንቴል ላይ ዐይን መቁጠር ያደክማል። የአራት ወይም የአምስት ድግግሞሽ ስፋት ለኪና አካፍይ። ቁመቱንም በዚያው ለኪ፣ ሲታጠብ እሱም ይለወጣልና።

አንቺ ግን አሁን ናሙና አያስፈልግሽም፤ የታጠበ ሙሉ ጀርባ በእጅሽ አለ። ሳትፈቺው በፊት ቁመቱን፣ የአንድ ድግግሞሹን ስፋትና በ10 ሴንቲ ውስጥ ያሉትን ረድፎች ጽፈሽ ያዢ። ከዚህ የተሻለ ናሙና አይገኝም። ይህ የሚሠራው ግን በዚያው ክር፣ በዚያው መርፌ ከቀጠልሽ ብቻ ነው።

ለካርዲጋን ከደረት ዙሪያ 5 እስከ 10 ሴንቲ ማስፋት ደንበኛ ልክ ነው፤ ከሥር ሌላ ልብስ ይገባልና። ላንቺ 100 ሴንቲ እንያዝ። ጀርባው 50 ይሆናል። አንዱ ድግግሞሽ 2.5 ከሆነ 20 ድግግሞሽ ማለት ነው፤ 120 ዐይን። ንድፉ እንዲመጣጠን መጨረሻ ላይ 1 ይጨመራል፤ ለስፌት ደግሞ በየጎኑ 1። ድምሩ 123 ነው።

ፊቱ ላይ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። ሁለቱ ፊቶች ከቁልፍ መያዣው ጋር ሆነው 50 መምጣት አለባቸው። መያዣው 2.5 ሴንቲ ቢሆን ለሁለቱ ፊቶች 47.5 ይቀራል፣ ለእያንዳንዱ 23.75። በ2.5 ስታካፍይው 9 ተኩል ድግግሞሽ ይመጣል። ግማሽ ድግግሞሽ ደግሞ አይመችም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ ወደ 10 ይወስደዋል ወይ ወደ 9 ያወርደዋል፣ ከዚያ ካርዲጋኑ አልገጥም ሲል መርፌ መቀያየር ይጀምራል። መላው ቀላል ነው። 9 ድግግሞሽ ሥሪ፤ የቀረውን 1.25 ሴንቲ በ3 ሜዳ ዐይን ሙዪው፣ በጎን ስፌቱ በኩል። ክንድ ሥር ስለሚውል ማንም አያየውም። 54፣ ሲደመር 1፣ ሲደመር 3፣ ሲደመር ሁለት የጠርዝ ዐይን፤ 60 ይሆናል።

ከስፋቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ የብብቱ ጉዳይ ነው። ስፋቱ አንዴ ከገባሽ አለቀ። ይሄኛው ግን ካልገባሽ አንገቱም ላይ፣ እጅጌውም ላይ፣ በሚቀጥለው ካርዲጋንሽም ላይ ይመጣብሻል።

ዳንቴል ሹራብ ጥንድ ሥራ ነው። ቀዳዳ የሚፈጠረው ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ስትጠመጥሚ ነው፤ ያ ጥምጥም አዲስ ዐይን ይሆናል። አንድ ዐይን ጨመርሽ ማለት ነው። እሱን የሚያካክስ አንድ ቅነሳ ደግሞ እዚያው ረድፍ ላይ አለ፤ ሁለት ዐይኖች አብረው ይሠሩና አንድ ይሆናሉ። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ቅነሳ። የዐይኑ ቁጥር ከረድፍ ረድፍ ሳይለወጥ የሚሄደው በዚህ ብቻ ነው። ሦስቱን ወደ አንድ የሚያደርገው ቅነሳ ደግሞ ሁለት ዐይን ስለሚበላ፣ አጋሮቹ ሁለት ጥምጥሞች ናቸው።

አንቺ ንድፍሽን ስላልላክሽልኝ፣ በ6 ዐይን ከሚሠሩት ሁሉ ቀላሉን ይዤ ላሳይሽ። በውጭው ገጽ፣ መጀመሪያ አንድ ቀጥታ። ከዚያ ድግግሞሹ ይጀምራል፤ ጥምጥም፣ ወደ ግራ የሚያዘነብል ቅነሳ፣ አንድ ቀጥታ፣ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ቅነሳ፣ ጥምጥም፣ አንድ ቀጥታ። የውስጡን ገጽ ሁሉንም በግልብጥ፣ ማለትም በቀጥታው ተገላቢጦሽ ዐይን ትመለሺበታለሽ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያቺው የመጀመሪያዋ አንድ ቀጥታ፣ ከዚያ ድግግሞሹ፤ አንድ ቀጥታ፣ ጥምጥም፣ ሦስቱን ወደ አንድ፣ ጥምጥም፣ ሁለት ቀጥታ። አራተኛውም ግልብጥ ነው። ቁጠሪው። አንደኛው ረድፍ ላይ ሁለት ጥምጥም፣ ሁለት ቅነሳ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ጥምጥም፣ ሁለት ዐይን የሚበላ አንድ ቅነሳ። ሂሳቡ ሁሌ ይዘጋል።

ወደ ግራ የሚያዘነብለውን ለማድረግ ሁለቱን ዐይኖች አንድ በአንድ፣ ቀጥታ እንደምትሠሪ አድርገሽ ወደ ቀኙ መርፌ አሳልፊያቸው፤ ከዚያ ከኋላ በኩል አብረሽ ሥሪያቸው። ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው ሁለቱን እንዲሁ አብሮ ቀጥታ መሥራት ነው። ይህ አቅጣጫ ለጌጥ የተቀመጠ እንዳይመስልሽ። ቅነሳዎቹ ወደ ቀዳዳው ሲያዘነብሉና ከቀዳዳው ሲሸሹ ንድፉ ፈጽሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ብዙ ጊዜ «ንድፌ ከፎቶው ጋር አልመሳሰል አለኝ» የሚባለው ሁለቱ ቅነሳዎች ሲቀያየሩ ነው።

አሁን ብብቱ ላይ የሆነብሽን ተመልከቺ። ጠርዙ ላይ ዐይን ስትቀንሺ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ይቆረጣል። ከጥንዱ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይቀራል። ጥምጥሙ ቀርቶ ቅነሳው ከተቆረጠ፣ አንቺ ለብብት የቀነስሽውን ዐይን ጥምጥሙ መልሶ ይጨምረዋል። ቅነሳው ቀርቶ ጥምጥሙ ከሄደ ደግሞ ሳታስቢው ሁለት ትቀንሻለሽ። ያ የ4 ዐይን ልዩነት የመጣው በአንዱ ጎን አጋር የሌላቸው ጥምጥሞች ስለተሠሩ ነው።

ጥንዱ የተራራቀበት ንድፍ ላይ ይህ የባሰ ነው። በሼትላንድ ደሴቶች ሥራ የታወቀውን ሞገድ መሳዩን ንድፍ ውሰጂ። ድግግሞሹ 18 ዐይን ነው። ስድስቱ ጥምጥም መሃል ላይ ተሰብስቧል፤ ስድስቱ ቅነሳ ሦስት ሦስት ሆኖ በግራና በቀኝ ተቀምጧል። ጠርዙን ስትነኪው መጀመሪያ የሚሄዱት ሦስቱ ቅነሳዎች ናቸው፤ ስድስቱ ጥምጥም ግን እንዳሉ ናቸው። በአንድ ረድፍ ሦስት ዐይን ይጨምርብሻል። ንድፉ እጅግ ያምራል፤ ለመጀመሪያ ካርዲጋን ግን ብብትና አንገት ያለበት ቦታ ላይ አልመርጠውም፤ ከታች ጠርዙ ላይና እጅጌው ጫፍ ላይ ብታደርጊው ይበቃል።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ፣ ብብቱን ስትጀምሪ የምትዘጊው ቁጥር ሙሉ ድግግሞሽ ይሁን። ከ123ቱ በየጎኑ 6 ዝጊ፤ 111 ይቀራል። ንድፍሽ ሳይናጋ በቦታው ይቀጥላል። በሁለቱ ፊቶች ላይ በብብቱ በኩል 9 ዝጊ፤ ሦስቱ ሜዳ ዐይኖች አብረው እንዲሄዱ ነው።

ቀጥሎ ምልክት ማድረጊያ ቀለበት ያዢ። ከጠርዙ 7 ዐይን ቆጥረሽ አንድ ቀለበት መርፌው ላይ አኑሪ፤ በሌላውም ጫፍ እንዲሁ። በሁለቱ ቀለበቶች መሃል 97 ዐይን ይኖራል፤ 16 ድግግሞሽና መመጣጠኛዋ አንድ። ከዚህ በኋላ ንድፉን የምትሠሪው በቀለበቶቹ መሃል ብቻ ነው። ከቀለበቱ ውጭ ያሉት ሰባቱ ሜዳ ሆነው ይሠራሉ፤ በውጭው ገጽ ቀጥታ፣ በውስጡ ግልብጥ። ቅነሳውም የሚደረገው እነሱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ የውጭ ገጽ ረድፍ መጀመሪያ አንድ ቀጥታ፣ ከዚያ ወደ ግራ የሚያዘነብል ቅነሳ። መጨረሻው ላይ ሦስት ዐይን ሲቀር ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ቅነሳ፣ ከዚያ አንድ ቀጥታ። ሰባቱ ስድስት ይሆናሉ፣ አምስት ይሆናሉ። ሁለት ብቻ ሲቀሩ ጠርዟንና ጎረቤቷን አብረሽ ሥሪና አንድ ትሁን። ስድስት ጊዜ ቀነስሽ ማለት ነው። አሁን ቀለበቱን አንድ ድግግሞሽ ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ከውጭ እንደገና 7 ይሆናል። ስድስት ጊዜ ደግመሽ ቀንሺ። በመጨረሻ 87 ዐይን ይኖርሻል፤ 36 ሴንቲ አካባቢ ነው፤ ለ92 ደረት ደህና የትከሻ ስፋት ነው። የአንቺን ትከሻ ግን ከአንዱ አጥንት እስከ ሌላው በሜትር ለክተሽ አስተያዪው፤ ጠበብ ያለ ወይም ሰፋ ያለ ከሆነ በየጎኑ የምትቀንሺውን ስድስት ጨምሪ ወይም ስድስት አጉድዪ። ፊቶቹም ላይ ልክ እንደዚሁ አሥራ ሁለት ጊዜ ቀንሺ፤ 39 ዐይን ይተርፋል።

በዚህ መንገድ ብብቱ ዙሪያ ቀዳዳ የሌለው ቀጭን ጥግ ይፈጠራል። እኔ እወደዋለሁ፤ እጅጌው የሚሰፋበት ቦታ ጠንከር ማለቱ ይጠቅማል። ቀዳዳው እስከ ጠርዙ እንዲደርስ ከፈለግሽ ግን ከቀለበቱ ውጭ አንድ ጥምጥምና አንድ ቅነሳ አብረው የሚገቡበት ቦታ እስካለ ድረስ ሥሪያቸው። ከሦስት ወደ አንዱ ቅነሳ ላይ አንዱ ጥምጥም ከተቆረጠ፣ እሱን ወደ ተራ ሁለት ወደ አንድ ለውጪው። አጋር ለሌለው ጥምጥም ግን በፍጹም ቦታ አትስጪው። እጅ እስኪለምድ ቀለበቱ ይሻላል።

አንገቱም ላይ ሕጉ ይኸው ነው። እጅጌው ላይ ደግሞ ተገላቢጦሹን ነው የምታደርጊው። የምትጨምሪያቸው ዐይኖች ከቀለበቱ ውጭ ሜዳ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ስድስት ሲሞሉ ቀለበቱን ወደ ውጭ አውጥተሽ ወደ ንድፉ ታስገቢያቸዋለሽ። ሁለቱን እጅጌ በአንድ ባለገመድ መርፌ ላይ፣ በሁለት የተለያየ ክር ጎን ለጎን ብትሠሪያቸው ሳትቆጥሪ እኩል ይሆኑልሻል።

ስለ መቁጠር ካነሳን፣ በየውስጥ ገጹ ረድፍ መጨረሻ ላይ ቁጠሪ። በየአራት ድግግሞሹ ቀለበት ካለ 24፣ 24 እያልሽ መሄድ ነው፤ 123 ዐይን እንደገና ከመቁጠር ይገላግላል። አንዳንድ ንድፍ ሆን ብሎ በአንድ ረድፍ ጨምሮ በሌላው ረድፍ ይቀንሳል፤ እንደዚያ ከሆነ የትኛው ረድፍ ላይ ቁጥሩ እንደሚመለስ አስቀድመሽ እወቂ። አንድ ዐይን ከጎደለ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳ ጥምጥም ነው። ይህ ለመፍታት አያደርስም። ግልብጡን ስትመለሺ ጥምጥሙ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ በሁለቱ ዐይኖች መካከል የተጋደመውን ክር በመርፌ አንሺና ሥሪው። ቀዳዳው መጀመሪያ ትንሽ ይጠብባል፣ ሲታጠብ ግን ይስተካከላል። ስታነሺው እንዳይጠማዘዝ ብቻ ተጠንቀቂ፤ የተጠማዘዘ ጥምጥም ቀዳዳውን ይዘጋዋል።

ለትልቁ ስህተት ግን መጠበቂያ ክር ይኑርሽ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቀጭን፣ ልስልስና ቀለሙ የተለየ ክር በስፌት መርፌ አስገብተሽ፣ ግልብጡን እንደጨረስሽ መርፌው ላይ ባሉት ዐይኖች ሁሉ ውስጥ አሳልፊው። በቀለበቶቹ ውስጥ ግን አታሳልፊው፤ ቀለበቱ ተይዞ ይቀርብሻል። በየ8 ወይም በየ12 ረድፉ ብታደርጊው ይበቃል። ከላይ ብታበላሺ መርፌውን አውጥተሽ እስከዚያ ክር ድረስ ትፈቻለሽ፤ አንድም ዐይን ከዚያ በታች አያመልጥም። ብብት ከመጀመርሽ በፊት ያለው ረድፍ ላይ የግድ አድርጊ።

ክፍሎቹ ሲያልቁ አትስፊያቸው፤ መጀመሪያ እጠቢያቸው። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ንክር። አትፈትጊው፣ አትጠምዝዥው። በውኃ የከበደን ዳንቴል በአንድ እጅ አንጠልጥለሽ አታውጪ፤ ከሥር በሁለት እጅ ደግፊው። ፎጣ ላይ አንጥፈሽ ከፎጣው ጋር ጠቅልዪውና ጫን ጫን አድርጊበት። ከዚያ ፍራሽ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ላይ ዘርግተሽ በማይዝግ የመርፌ ቁልፍ ወጥሪው። ሻርፕ ሲሆን እስኪጮኽ ይወጠራል፤ ካርዲጋን ግን እንደዚያ አይወጠርም። ሜትር ይዘሽ ጀርባውን 50፣ እያንዳንዱን ፊት 23.75 አድርጊ፤ እዚያ ላይ አቁሚ። ከዚያ በላይ የወጠርሽው ሲለበስ ይመለሳል፣ ልኩም ይጠፋል። ሁለቱን ፊቶች ጎን ለጎን አድርገሽ ብትወጥሪያቸው እኩልነታቸው በዓይንሽ ይታይሻል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትንኪው።

ክሩ አክሪሊክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር። ውኃ ብቻውን አክሪሊክን ቅርጽ አያስይዘውም፤ እንፋሎት ይፈልጋል። ካውያውን ከላዩ ከፍ አድርጎ፣ ጨርቁን ሳይነኩ እንፋሎቱን ማሳለፍ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ክሩ ይልፈሰፈሳል፣ አይመለስም። ጥጥና ተልባ ደግሞ ይከብዳሉ፤ በክብደታቸው ይረዝማሉ። በነሱ ስትሠሪ ናሙናውን ካጠብሽ በኋላ ሰቅለሽ ነው የምትለኪው። የአንቺ ሱፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ጠበቅ ተደርጎ የተፈተለ፣ አንድ ቀለም፣ በጣም ያልጠቆረ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ጥርት ብሎ ይታያል። ቅይጥ ቀለም ያለው ክር ከዳንቴል ጋር ይጣላል፤ ዓይን የሚያየው ቀለሙን ነው፣ ንድፉን አያየውም። ብዛቱን በተመለከተ ለአንቺ ልክ፣ ዳሌ ላይ ለሚደርስና ሙሉ እጅጌ ላለው ከ1200 እስከ 1400 ሜትር ያዢ። ስለዚህ 4 ጥቅል ይኑርሽ፣ የሁሉም የሎት ቁጥር፣ ማለትም አብረው የተቀለሙበት ቁጥር አንድ ይሁን።

ዳንቴል ካርዲጋን የሚያረጀው ከትከሻው ነው። የልብሱ ክብደት ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚያ ነው፤ ቀዳዳ ደግሞ ክብደት አይችልም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 4 ወይም 6 ረድፎች ትከሻው ላይ ሜዳ አድርጊያቸው። የጀርባውንና የፊቱን ትከሻ መርፌ ላይ እንዳሉ አብሮ መዝጋትን አልመክርሽም፤ ለየብቻ ዝጊና በስፌት አገናኛቸው፣ ስፌቱ የበለጠ ይይዛል። ከአንዱ ትከሻ በጀርባ አንገቱ አድርጎ እስከ ሌላው ትከሻ ቀጭን ጥብጣብ ከውስጥ ብትሰፊበት ዓመታት ይቆይልሻል።

የቁልፍ መያዣውን ከታጠበ በኋላ ነው የምታወጪው። ሳይታጠብ ካወጣሽው ፊቱ ሲረዝም መያዣው ባለበት ይቀራል፣ ካርዲጋኑም ፊት ለፊት ይኮማተራል። መርፌውን ወደ 3 ሚሊ ሜትር አውርጂ። በፊቱ ጠርዝ ላይ በየ4 ረድፉ 3 ዐይን አንሺ። አንዴ አንሥተሽ ጥቂት ረድፍ ከሠራሽ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ እይው። ጠርዙ ከሞገደ ዐይኑ በዝቷል፣ ከተሰበሰበ አንሷል። የሁለቱም ፊት ቁጥር አንድ መሆን አለበት።

የቁልፍ ቀዳዳው ከዚያው ከጥንዱ ሌላ ነገር አይደለም፤ አንድ ጥምጥም፣ ከጎኑ ሁለት ወደ አንድ። ለ12 ወይም ለ13 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይበቃል። መጀመሪያ ቁልፎቹ የሚሰፉበትን መያዣ ሥሪ። ካርዲጋኑን ለብሰሽ ደረትሽ በጣም የሚሰፋበት ቦታ ላይ አንድ ምልክት አድርጊ፤ ካልሆነ እዚያ ይከፈታል። ከአንገቱ ጠርዝ 1 ሴንቲ ተኩል ዝቅ ብሎ ሌላ ምልክት። የቀሩትን በነዚህ ሁለቱ ርቀት ልክ ወደ ታች አከፋፍያቸው፣ ከዚያ በሌላው መያዣ ላይ ትክክል ፊት ለፊታቸው ቀዳዳዎቹን አውጪ። ቁልፉ ቀላል ይሁን፤ ብረትና ወፍራም እንጨት ቀጭኑን ጨርቅ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስትሰፊውም ከውስጥ በኩል ትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ ደግፊና ሁለቱን አንድ ላይ ስፊያቸው፤ ክሩ ሹራቡን ሳይሆን ያቺን ትንሽ ቁልፍ ይዞ ይቀራል።